ከዋይት ሀውስ ወርዶ ተራ የምክር ቤት አባል የሆነው ፕሬዚዳንት፦ ስለ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ እንወያይ

የቀበናው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ፕሬዚዳንቶች ሲወራ ሁሌም ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ናቸው የሚነሱት። ስድስተኛውን፣ ጆን ኩዊንሲ አዳምስን፣ የሚያነሳ ሰው ብዙም አላየሁም። ቢነሳም «የሁለተኛው ፕሬዚዳንት ልጅ» ተብሎ ይታለፋል። እኔን ግን ከሁሉም አብልጦ የሚገርመኝ እሱ ነው። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፕሬዚዳንትነቱ አልተሳካለትም፤ ይሄ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ከ1825 እስከ 1829 ዋይት ሀውስ ተቀመጠ። መንገድና ቦይ በመንግሥት ገንዘብ ይሠራ፣ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ይከፈት፣ የከዋክብት መመልከቻ ይቋቋም ብሎ ለምክር ቤቱ አቀረበ። አብዛኛውን ውድቅ አደረጉበት፣ አንዳንዱንም መሳለቂያ አደረጉት። በ1828 ምርጫ ደግሞ አንድሩ ጃክሰን በመራጮች ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የየክፍለ ግዛቱ ወኪሎች በሚሰጡት) 178 ለ83 ዘረረው። በዓመቱ ትልቁ ልጁ ከመርከብ ላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ሰውየው 61 ዓመቱ ነበር። ማሳቹሴትስ ገብቶ መጽሐፉን እያነበበ ይጦራል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው።

በ1830 ግን የአገሩ ልጆች ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደርልን አሉት። ሚስቱም ልጁ ቻርልስም አልወደዱትም። ትናንት አገር ሲመራ የነበረ ሰው ዛሬ በመቶዎች ከሚቆጠሩት አባላት እንደ አንዱ ሆኖ እጅ እያወጣ ሊናገር! እሱ እሺ አለ። ሲመረጥም እንደዚያ ቀን የትኛውም ሹመት እንዳላስደሰተው በማስታወሻው ጻፈ። ከ1831 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ 17 ዓመት እዚያው ቆየ። ፕሬዚዳንት ሆኖ ከወረደ በኋላ በዚያ ምክር ቤት ያገለገለ ሌላ ሰው የለም። አንድሩ ጆንሰን በኋላ የተመለሰው ሴኔት ውስጥ ነው።

እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ይሄ ሰው ፕሬዚዳንት ባይሆን ኖሮ ብዙ የሚጎድል ነገር አልነበረም። እነዚያ 17 ዓመታት ባይኖሩ ግን የአሜሪካ ታሪክ ይጎድል ነበር። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጠያቂዋ፦
ደስ የሚል ርዕስ ነው። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይሄ ሰው ፕሬዚዳንት የሆነው በድርድር አይደለም እንዴ? ሕዝቡ የመረጠው ጃክሰንን እንደነበር ነው የማውቀው።

የቀበናው ልጅ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። በ1824 አራት ሰዎች ተወዳደሩ። በመራጮች ድምፅ ጃክሰን 99፣ አዳምስ 84፣ ክሮፎርድ 41፣ ሄንሪ ክሌይ 37 አገኙ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ሰው አልነበረም። በሕጉ መሠረት ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ፤ እዚያ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አንድ ድምፅ አለው። ክሌይ ራሱ አፈ ጉባኤ ነበር፣ ድጋፉን ለአዳምስ ሰጠ። አዳምስ ከ24ቱ ክፍለ ግዛቶች 13ቱን አግኝቶ አለፈ። ከዚያ ምን አደረገ? ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው! የጃክሰን ሰዎች «የተበላሸ ድርድር» ብለው ጮኹ፣ አራት ዓመት ሙሉም አላቆሙም።

ቃል ተገባብተው ነው ብሎ የሚያረጋግጥ ወረቀት የለም። ሕግም አልተጣሰም። ግን ሹመቱ ትልቅ የፖለቲካ ስህተት ነበር። ሰው የሚያየውን ነገር ንቆ ማለፍ አይቻልም፤ እሱ ግን በጠባዩ እንዲህ ያለው ነገር አይታየውም ነበር። ደረቅ ሰው ነው። ሕዝብ ፊት ቀርቦ መለማመጥ እንደ ውርደት ነበር የሚቆጥረው።

ሰናይት ከቦስተን፦
እኔ የምኖረው ኩዊንሲ ከተማ አቅራቢያ ነው፤ ቤቶቹን ሄጄ አይቻቸዋለሁ። አባትየውና ልጅየው የተወለዱባቸው ሁለት የእንጨት ቤቶች ጎን ለጎን እስካሁን ቆመዋል። ትንንሽ ናቸው፣ ጣሪያቸው በጀርባ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። በአሜሪካ ካሉት ፕሬዚዳንቶች የተወለዱባቸው ቤቶች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድማቸው የለም።

ልጅነቱንም አትርሱ። በ1775 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነፃነት ጦርነት የባንከር ሂል ውጊያ ሲካሄድ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ከአቢጌይል ጋር ቤታቸው አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ ሆኖ የሚቃጠለውን ቻርልስታውንን አየ። በአሥር ዓመቱ ከአባቱ ጋር አውሮፓ ሄደ። በ14 ዓመቱ ደግሞ ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ! ከአንድ አሜሪካዊ መልእክተኛ ጋር በፈረንሳይኛ አስተርጓሚነትና ጸሐፊነት። ለዚህ ነው ዕድሜውን በሙሉ በዲፕሎማትነት የተፈለገው። ኔዘርላንድ፣ ፕሩሲያ፣ ሩሲያ፣ እንግሊዝ። በ1814 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱን ያስቆመውን የጌንት ስምምነት ከፈረሙት አንዱ ነው። በ1819 ፍሎሪዳን ከስፔን ያስረከበውን ውል የተደራደረውም እሱ ነው። በፕሬዚዳንት ሞንሮ ስም የሚጠራው፣ አውሮፓ በአሜሪካ አህጉር ጣልቃ አይግባ የሚለው የ1823ቱ መርህም ውስጥ የእሱ እጅ አለበት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ብቻውን ስሙን ያስጠራው ነበር።

ድልድይ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሰውየውን ቅዱስ ልታደርጉት ነው። እኔ በጣም ዘግይቶ የነቃ ሰው አድርጌ ነው የማየው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ምን ሲሠራ ነበር? በ1812ቱ ጦርነት ወደ እንግሊዝ መርከቦች ሸሽተው ነፃ የወጡ ባሪያዎች ነበሩ። አዳምስ ለጌቶቻቸው ካሳ ይከፈል ብሎ ዓመታት ተሟገተ። በመጨረሻ እንግሊዝ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል የተስማማችው በእሱ ፕሬዚዳንትነት ጊዜ ነው። ለባሪያ አሳዳሪዎች ጥብቅና የቆመ ሰው ነው።

ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የክሪክ ሕዝብንም አትርሱ። ጆርጂያ ውስጥ በ1825 መሬታቸው በተጭበረበረ ውል ተወሰደ። አዳምስ ውሉን ሰረዘው፣ እሺ፣ ለዚህ ይመሰገን። የጆርጂያው ገዥ በጦር ሲያስፈራራ ግን ለቀቀ፤ መሬቱም ሄደ። ምክር ቤት ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ፀረ ባርነት አቤቱታዎች በ1831 ሲያቀርብስ ምን አለ? በዋሽንግተን ከተማ ባርነት ይቁም የሚለውን ጥያቄ እኔ አልደግፍም አለ። ራሱ የያዘውን ወረቀት!

የቀበናው ልጅ፦
ያልከው ሁሉ እውነት ነው ወንድሜ፣ አንዱንም አልክድም። እኔ ግን ይሄን ሰው የምከታተለው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1820 ሚዙሪ ባርነት ይፈቀድላት አይፈቀድላት ሲባል ከጦር ሚኒስትሩ ከካልሁን ጋር ያወራውን ማታ ቤቱ ገብቶ ጽፎታል። ባርነት የአሜሪካ ሕብረት ርኩስ እድፍ ነው ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ። በአደባባይ ግን ዝም አለ፣ ምክንያቱም ሹመት ይፈልግ ነበር። ፕሬዚዳንትነቱ ቀርቶ የሚፈልገው ነገር ሲያልቅ ነው አፉ የተፈታው። ይሄ አያስመሰግነውም ልትል ትችላለህ። እኔን ግን የሚገርመኝ በ70 ዓመቱ አቋሙን ማክረሩ ነው፤ ብዙ ሰው በዚያ ዕድሜ ይለዝባል።

መምህር ነበርኩ፦
ልጆች፣ ስለ ዝም ማሰኛው ደንብ ሳትናገሩ ይሄን ሰው መገመት አይቻልም። ላስረዳችሁ።

በ1830ዎቹ የሰሜን ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ «ባርነት ይቁም» የሚል አቤቱታ እያስፈረሙ ወደ ዋሽንግተን ይልኩ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ወረቀት መጣ። የደቡብ ተወካዮች ተናደዱ። በ1836 ምክር ቤቱ ደንብ አወጣ፦ ባርነትን የሚመለከት አቤቱታ ሳይነበብ፣ ሳይታተም፣ ለኮሚቴ ሳይመራ ተቀምጦ ይቀራል። ድምፅ ሲሰጥ አዳምስ ለመናገር ተነሳ፣ ከለከሉት። «አፌ ተለጉሟል ወይስ አልተለጎመም?» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አንድም ጊዜ አልተኛላቸውም። አቤቱታ በቀረበ ቁጥር ይነሳል፣ ማንበብ ይጀምራል፣ «ሥርዓት! ሥርዓት!» ይሉታል፣ ይቀመጣል፣ ሌላውን አንስቶ ደግሞ ይነሳል። የምክር ቤቱን ደንብ ከሁሉም በላይ ያውቀው ስለነበር መውጫ ቀዳዳ አያጣም። እንገድልሃለን የሚል ደብዳቤ ይደርሰው ነበር።

በየካቲት 1837 ያደረገውን ስሙ። ተነስቶ አፈ ጉባኤውን (በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጀምስ ፖልክ ነበር) አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «22 ባሪያዎች የፈረሙት የሚመስል ወረቀት ደርሶኛል፤ ደንቡ ይከለክለዋል ወይ?» አዳራሹ ተናወጠ። ባሪያ አቤት ይላል? ይባረር፣ ይወቀስ፣ ወረቀቱ ይቃጠል አሉ። እነሱ ሲጮኹ ቆይተው ነው ወረቀቱ የሚጠይቀው ባርነት እንዳይቀር መሆኑን የነገራቸው! ይበልጥ ተናደዱ። እሱ የያዘው መሠረታዊ ነገር ግን ቀላል ነበር፦ አቤት ማለት ልመና ነው፤ ከፍጡር ሁሉ የመጨረሻ ለሆነውም ልመና አይከለከልም። በ1838 ደግሞ አንድ የሜሪላንድ ተወካይ ሴቶች በፖለቲካ ገብተው አቤቱታ መፈረማቸው ነውር ነው ሲል፣ አዳምስ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከታሪክ ሴቶችን እየጠቀሰ ለቀናት መለሰለት።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ እናመሰግናለን! ምክር ቤቱ ሊያባርረው ሞክሮ ነበር የሚባለው ይሄኛው ጊዜ ነው?

መምህር ነበርኩ፦
የባሰው በ1842 ነው ልጄ። ሄቨርሂል ከምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ 46 ሰዎች «ሕብረቱ በሰላም ይፍረስ» ብለው ፈርመው ላኩ። አዳምስ በሐሳቡ አይስማማም፤ ለኮሚቴ ይመራና ለምን እንደማይሆን መልስ ይሰጣቸው አለ። ጠላቶቹ አጋጣሚውን አገኙ፤ የአገር ክህደት ነው ብለው የወቀሳ ውሳኔ አቀረቡበት። እሱ ምን አለ መሰላችሁ? የ1776ቱ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ የመጀመሪያ አንቀጽ ይነበብ አለ። ጸሐፊው ሲያመነታ «አንብበው! አንብበው!» አለ። መንግሥት ሲያጠፋ ሕዝቡ የመለወጥ መብት አለው የሚለው ቦታ ድረስ አስነበበው። ያን አዋጅ ካረቀቁት አምስት ሰዎች አንዱ አባቱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ሁለት ሳምንት ያህል ራሱን ተከላከለ። 74 ዓመቱ ነው። ከሳሾቹ ሰለቻቸው፣ ነገሩን ተዉት። እሱ ግን በዚያው ቀን ሌሎች አቤቱታዎቹን ማቅረብ ቀጠለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1844 ደንቡ 108 ለ80 ተሻረ። ሞሽኑን ያቀረበው ራሱ ነበር።

ሕግ አጥኚ፦
የአሚስታድን ነገር እስካሁን ማንም አለማንሳቱ ገርሞኛል፤ እኔ ልጨምር።

በ1839 አሚስታድ በምትባል መርከብ 53 አፍሪካውያን ከሃቫና ወደ ሌላ የኩባ ወደብ እየተወሰዱ ነበር። አብዛኞቹ ዛሬ ሴራሊዮን ከሚባለው አገር የተያዙ የሜንዴ ሰዎች ናቸው። ሴንግቤ ፒዬህ፣ ስፔኖቹ ሲንኬ የሚሉት፣ መርቷቸው መርከቧን ያዙ። ወደ አፍሪካ መልሱን አሉ። መሪውን የያዘው ስፔናዊ ቀን ወደ ምሥራቅ፣ ሌሊት ወደ ሰሜን ምዕራብ እየነዳ ሁለት ወር ያህል አንከራተታቸው። ሎንግ አይላንድ አጠገብ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያዛቸውና ኮነቲከት ታሰሩ።

ችግሩ የሚናገሩትን የሚሰማ ሰው አለመኖሩ ነበር። ጆሳያ ጊብስ የሚባል የዬል መምህር እስር ቤት ሄደ። ጣቱን እያሳየ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ከእነሱ ተማረ። ከዚያ ኒውዮርክ ወደብ ወርዶ በመርከበኞች መሀል ያንን ቁጥር ጮክ እያለ መቁጠር ጀመረ። ጀምስ ኮቪ የሚባል ወጣት መርከበኛ ቋንቋውን አወቀው፤ እሱም በልጅነቱ ከዚያው አገር የተሸጠ ነበር። እነዚያ ሰዎች ታሪካቸውን በራሳቸው አፍ መናገር የቻሉት በእሱ ነው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

የፕሬዚዳንት ቫን ቢዩረን መንግሥት ሰዎቹ ይመለሱልኝ ካለችው ከስፔን ጎን ቆመ። የታችኛው ፍርድ ቤት ሲፈርድላቸው መንግሥት ይግባኝ አለ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው አዳምስን የለመኑት። 73 ዓመቱ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እዚያ ፍርድ ቤት ከቆመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ካሌ የሚባል ከታሳሪዎቹ አንዱ የሆነ ልጅ በቅርቡ በተማረው እንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈለት። አዳምስ የካቲት 24 ቀን 1841 ከአራት ሰዓት በላይ ተናገረ። በዚያው ሌሊት አንዱ ዳኛ ሞተና ችሎቱ ተቋረጠ፤ መጋቢት 1 ተመልሶ ቀጠለ። ችሎቱ ውስጥ ወደተሰቀለው የነፃነት አዋጅ እያመለከተ ነበር የተከራከረው። መጋቢት 9 ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ ፍርዱን አነበበ፦ ነፃ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በሐቅ እንናገር። የሕጉን መሠረት የጣለው ከመጀመሪያው አብሯቸው የነበረው ጠበቃ ሮጀር ባልድዊን ነው። ፍርዱም የቆመው በእሱ ነጥብ ላይ ነው፦ ሰዎቹ ከአፍሪካ የመጡት ስፔን ራሷ ንግዱን ከከለከለች በኋላ ስለሆነ በስፔን ሕግም ባሪያ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ያለውን ባርነት አልነካም። በሕይወት የተረፉት 35ቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ።

ሰናይት ከቦስተን፦
ለዚህ የምጨምረው አለኝ። ሊሄዱ ሲሉ ለአዳምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጡት። ያ መጽሐፍ ዛሬም ኩዊንሲ የቤተሰቡ ቅርስ ውስጥ አለ። በ1996 ተሰርቆ ተገኝቷል። በ2007 የማሳቹሴትስ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ ዴቫል ፓትሪክ ቃለ መሐላ የፈጸመው በእሱ ላይ ነው።

ድልድይ፦
ስለ ባልድዊን ስለተናገርክ ደስ ብሎኛል፤ እሱ ሁሌ ይረሳል። የአዳምስን ክርክር ግን አልንቅም። በተለይ በ1836ና በ1842 ምክር ቤት ውስጥ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው፦ ጦርነት ከመጣ መንግሥት በጦርነት ሥልጣኑ ባሪያዎችን ነፃ ማውጣት ይችላል አለ። ያን ጊዜ እብደት ነበር የሚመስለው። ሊንከን በ1863 ነፃ ማውጫ አዋጁን ያቆመው በዚሁ በጦርነት ሥልጣን ላይ ነው። ለእኔ ትቶት ያለፈው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የክሪኮቹን ነገር ግን አሁንም አልተውለትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ ዋሽንግተን አካባቢ ያለነው ሐበሾች በየሳምንቱ ከዚህ ሰው ሥራ እንጠቀማለን፣ ታውቃላችሁ? ልጆቻችንን በነፃ የምንወስድባቸው የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች አሉ አይደል? ጀምስ ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ለአሜሪካ አወረሰ፣ ዕውቀት ይስፋፋበት ብሎ። ገንዘቡ ሲመጣ የክፍለ ግዛቶች ቦንድ (የብድር ሰነድ) ተገዛበትና አርካንሶ ብድሯን ሳትከፍል ቀረች። ሙሉው ገንዘብ እንዲመለስና ለሌላ ነገር እንዳይውል ለዓመታት የታገለው አዳምስ ነው። ተቋሙ በ1846 ተመሠረተ።

በነገራችን ላይ ዋይት ሀውስ ውስጥ አዞ ያረባ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

የቀበናው ልጅ፦
የአዞው ወሬ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለውም፤ እሱም በማስታወሻው አላነሳውም። ዋናው ግን እውነት ነው። ፕሬዚዳንት ሆኖ ጎህ ሳይቀድ ፖቶማክ ወንዝ ወርዶ ራቁቱን ይዋኝ ነበር። ሰኔ 1825 በትንሽ ጀልባ ሲሻገር ውኃ ገባባትና ልብሱን እንደለበሰ ዘሎ ገባ። የሸሚዙ እጅጌ ውኃ ሞልቶ ክንዱ ላይ እንደ ከባድ ሚዛን ድንጋይ ተንጠለጠለበት፣ ሊሰምጥ ነበር። ማታ ቁጭ ብሎ ይሄን ሁሉ ጻፈ። ሁሉንም ይጽፋል! ማስታወሻውን በ12 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 80 ዓመቱ ቀጥሎ 51 ቅጽ ሞላ።

ጠያቂዋ፦
አሟሟቱስ?

መምህር ነበርኩ፦
በሥራው ላይ ነው። የሜክሲኮን ጦርነት ከመጀመሪያው ተቃውሟል፤ በ1846 ጦርነቱን ያልደገፉት የምክር ቤቱ አባላት 14 ብቻ ነበሩ፣ አንዱ እሱ ነው። የካቲት 21 ቀን 1848 በጦርነቱ የተዋጉ ጄኔራሎች ይመስገኑ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጮክ ብሎ «አይደለም!» አለ። ጥቂት ቆይቶ ለመናገር ሲነሳ ወደቀ። ተሸክመው አፈ ጉባኤው ክፍል አስገቡት፣ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው አረፈ። በዚያ ሰዓት የምክር ቤቱ አባል ከነበሩት አንዱ አዲስ የገባው የ39 ዓመቱ አብርሃም ሊንከን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንበሩ የነበረበት ቦታ ካፒቶል ውስጥ ሐውልቶች የቆሙበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ የነሐስ ምልክት አለ። ጉብኝቱ ነፃ ነው፣ ቀድማችሁ በድረ ገጽ ተመዝገቡ።

ጠያቂዋ፦
ማስታወሻውን ማንበብ አማረኝ። ከየት ልጀምር?

ሰናይት ከቦስተን፦
የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር ሁሉንም ገጽ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ የእጅ ጽሑፉን በፎቶ ታያለሽ፣ ብዙው ክፍል ደግሞ ተተይቦ ወጥቷል። ከ1820ው የሚዙሪ ክርክር ጀምሪ፣ የካቲትና መጋቢትን። ከዚያ በቀጥታ ወደ መጋቢት 1841 እለፊ። የአሚስታድ ፍርድ ካለቀ በኋላ የጻፈው አለ፦ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ይደክማል፣ ዓለም ሁሉ በባሪያ ንግድ ላይ በሚነሳ ሰው ላይ ተሰልፏል፣ እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ ይላል፤ ግን ሕሊናዬ ግፋ ይለኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብበሽ ከድልድይና ከቀበናው ልጅ ማን ልክ እንደሆነ ራስሽ ትፈርጂያለሽ።